ከረቂቅ እስከ ኅትመት፡- ለአዊ ጸሐፍት ክፍት የሆኑ በሮችና የሚጠይቁት ዝግጅት

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በእንጅባራ፣ በዳንግላ ወይም በሌላ ከተማ የሚኖር የግጥምና የአጭር ልቦለድ ጸሐፊ ሥራውን ለአንባቢ ለማድረስ ሲነሳ ብዙ ጥያቄዎች ይጠብቁታል፡፡ ረቂቁን ለማን እንደሚያቀርብ፣ በምን መልክ እንደሚያዘጋጅና ሥራው ከታተመ በኋላ መብቱ እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ ይኖርበታል፡፡ ታላላቆቹ ማተሚያ ቤቶች፣ አከፋፋዮችና የመጻሕፍት መደብሮች በአብዛኛው በአዲስ አበባ የተሰባሰቡ በመሆናቸው ከማዕከል ርቆ ለሚኖር ጸሐፊ ጉዳዩ የበለጠ አስቸጋሪ ይሆናል፡፡

ይሁን እንጂ ለፈጠራ ጽሑፍ ክፍት የሆኑ መንገዶች አሉ፡፡ ጋዜጦችና መጽሔቶች፣ የሬዲዮ ዝግጅቶች፣ የሥነ ጽሑፍ ውድድሮች፣ በጋራ የሚዘጋጁ መድበሎችና በደራሲው ወጪ የሚታተሙ አነስተኛ መጻሕፍት ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ፡፡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሠራርና መመዘኛ ስላላቸው ጸሐፊው ቅደም ተከተላቸውን ለይቶ ቢያውቅ ድካሙንም ሆነ ገንዘቡን ለመቆጠብ ይረዳዋል፡፡

ጉዳዩ ለአዊ አካባቢ የተለየ ክብደት አለው፡፡ አካባቢውና ቋንቋው ለረጅም ዘመን በጽሑፍ ሲመዘገቡ የኖሩት በአመዛኙ ከውጭ በመጡ ሰዎች እጅ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1770 ግሽ ዓባይን የጎበኘው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በኢትዮጵያ በቆየበት ጊዜ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ወደ ልዩ ልዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች እንዲተረጎምለት አድርጎ ነበር፡፡ ከትርጉሞቹ አንዱ በዳሞት አገው ቋንቋ፣ ማለትም በዛሬው አውኚ የተጻፈ ሲሆን በቋንቋው ከተጻፉ ቀደምት ጽሑፎች መካከል ይመደባል፡፡ የብሩስ የብራና ስብስብ ዛሬ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው፡፡

ከዚያም በኋላ እ.ኤ.አ ከ1920ዎቹ አጋማሽ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ መቀመጫውን በዳንግላ አድርጎ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ወንዝ ያካሄደውን ጥናት እ.ኤ.አ በ1936 በመጽሐፍ አሳትሟል፡፡ የቋንቋ ተመራማሪው ሮበርት ሄትዝሮን ደግሞ እ.ኤ.አ በ1969 የአውኚን የግሥ ሥርዓት የሚተነትን መጽሐፍ ለኅትመት አብቅቷል፡፡ እነዚህ ሥራዎች ለዕውቀት ያደረጉት አስተዋጽኦ ከፍተኛ ነው፡፡ የአካባቢውን ሰው ኑሮ፣ ሐዘንና ደስታ ከውስጥ አይቶ በፈጠራ ጽሑፍ የመግለጹ ተግባር ግን ከአካባቢው ጸሐፍት በቀር ሌላ ባለቤት ሊኖረው አይችልም፡፡

አዊ በአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ዕውቅና ካገኙት የብሔረሰብ አስተዳደሮች አንዱ ነው፡፡ በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት በአስተዳደሩ 982 ሺህ 942 ሕዝብ ይኖር እንደነበር ተመዝግቧል፡፡ ከነዋሪው ከፊሉ አውኚን፣ ከፊሉ አማርኛን አፍ መፍቻው ያደረገ ሲሆን ሁለቱንም ቋንቋዎች አቀላጥፎ የሚናገረው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም፡፡ አውኚ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ማገልገል ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፡፡ በእንጅባራ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚገኝ ሲሆን እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በ2010 ዓ.ም ነው፡፡

የቃል ሥነ ጽሑፉ ሀብትም የዚያኑ ያህል ሰፊ ነው፡፡ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ላይ የፈረስና የፈረሰኛ ውዳሴ፣ ፉከራና ዜማ ይሰማል፡፡ በሠርግና በልቅሶ፣ በእርሻና በእረኝነት የሚነገረው ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ግጥም ለደራሲ ሰፊ የጽሑፍ ምንጭ ነው፡፡ ሆኖም በቃል ያለ ሀብት ከባለቤቱ ጋር የሚያልፍ በመሆኑ የሚጽፈውና የሚያሳትመው ካላገኘ ለተከታዩ ትውልድ ሳይተላለፍ ይቀራል፡፡

በአውኚ የሚዘጋጁ የንባብ መጻሕፍት ጉዳይ ለሕፃናት ትምህርትም ወሳኝ ነው፡፡ እ.ኤ.አ ከ2012 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት ድጋፍ በተካሄደው የንባብ ማሻሻያ ፕሮጀክት የአፍ መፍቻ ቋንቋ የንባብ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች ተዘጋጅተው ነበር፡፡ እነርሱም አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሐዲይኛ ናቸው፡፡ አውኚ ከሰባቱ ውስጥ አልነበረም፡፡ በትምህርት ቤት በአውኚ ፊደል የቆጠረ ሕፃን ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ በራሱ ቋንቋ የሚያነበው ተረትና ታሪክ እንዲያገኝ የአካባቢው ጸሐፍትና አነስተኛ አሳታሚዎች ድርሻ ከፍተኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ከአውኚ ኅትመት ጋር በተያያዘ በቅድሚያ ሊታሰብበት የሚገባው የፊደል ጉዳይ ነው፡፡ ቋንቋው የሚጻፈው በኢትዮጵያ ፊደል ቢሆንም በአማርኛ የሌሉ ድምፆች አሉት፡፡ ከእነዚህ አንዱ በቋንቋው ስም ውስጥ የሚገኘው፣ በአማርኛ አጻጻፍ በ‹‹ኚ›› የሚተካው ከትናጋ የሚወጣ የአፍንጫ ድምፅ ሲሆን ለእርሱ የሚያገለግለው የ‹‹ጘ›› ቤት ነው፡፡ በቀድሞዎቹ የኮምፒውተር ፊደላት ይህን መሰል ሆሄ ማግኘት አዳጋች ነበር፡፡ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ከገባና እ.ኤ.አ በ2005 ተጨማሪ ሆሄያት ከተካተቱበት ወዲህ ግን ችግሩ በአብዛኛው ተቃሏል፡፡ ስለሆነም ረቂቁን በአውኚ የሚያዘጋጅ ጸሐፊ ከመነሻው በዩኒኮድ ቢጽፍ፣ ማተሚያ ቤቱም ሆሄያቱን በትክክል ማውጣት አለማውጣቱን በአንድ ገጽ የሙከራ ኅትመት ቢያረጋግጥ ይመከራል፡፡ ይህ ሳይደረግ ሲቀር ሆሄያቱ በባዶ ሳጥን ተተክተው የሚታተሙበት አጋጣሚ ሊፈጠር ይችላል፡፡

በኢትዮጵያ አነስተኛ አሳታሚ ሲባል በሌላው ዓለም ከሚታወቀው በመጠኑ ይለያል፡፡ በምዕራቡ ዓለም አነስተኛ አሳታሚ የሚባለው በዓመት ጥቂት መጻሕፍትን መርጦ፣ የአርትኦትና የኅትመት ወጪያቸውን ራሱ ሸፍኖ ለገበያ የሚያቀርብ ድርጅት ነው፡፡ በአገራችን ግን የአሳታሚውን ሥራ በብዛት ሲሠራ የኖረው ደራሲው ራሱ ነው፡፡ በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቆችን እየመረጠ ያሳትም የነበረ ሲሆን በዚያ ዘመን ማንኛውም ጽሑፍ በቅድመ ምርመራ ማለፍ ነበረበት፡፡ በ1985 ዓ.ም የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን ካስቀረ በኋላ የግል አሳታሚዎችና ማተሚያ ቤቶች ቁጥር ጨምሯል፡፡ ያም ሆኖ ብዙዎቹ የግጥምና የአጭር ልቦለድ መጻሕፍት ዛሬም ደራሲው ለማተሚያ ቤት በሚከፍለው ገንዘብ የሚታተሙ ናቸው፡፡

ይህ መንገድ አድካሚ ቢሆንም ከአዊ ጎረቤት የተነሱ ደራስያን ሄደውበታል፡፡ ከዳንግላ ጋር በሚጎራበተው በአቸፈር የተወለደው አቤ ጉበኛ በቤተ ክህነት ትምህርት አድጎ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጋዜጠኝነት ካገለገለ በኋላ ሥራውን ትቶ በድርሰት ብቻ ለመኖር የወሰነ ደራሲ ነው፡፡ በ1955 ዓ.ም ያሳተመው ‹‹አልወለድም›› የተሰኘው መጽሐፍ ለገበያ ከወጣ በኋላ በወቅቱ መንግሥት ቢታገድም ደራሲው ከጽሑፍ አልራቀም፡፡ በ1972 ዓ.ም ሕይወቱ እስካለፈ ድረስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በርካታ ሥራዎችን ያበረከተ ሲሆን እ.ኤ.አ ከ1973 እስከ 1974 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጸሐፍት መርሐ ግብር ተሳትፏል፡፡

በቅርቡ ትውልድም ከእንጅባራ በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከምትገኘው ከማንኩሳ የተገኘው በዕውቀቱ ስዩም በግጥምና በልቦለድ ሥራዎቹ በአገር ውስጥ ሰፊ አንባቢ አፍርቷል፡፡ እ.ኤ.አ በ2012 ደግሞ ፍሊፕድ አይ የተባለ የለንደን አነስተኛ አሳታሚ የግጥሞቹን የእንግሊዝኛ ትርጉም በመጽሐፍ አቅርቦለታል፡፡ የሁለቱ ደራስያን ተሞክሮ የትውልድ ቦታ ከማዕከል መራቅ ብቻውን ጸሐፊን ከአንባቢ እንደማያግደው ያመለክታል፡፡

ለጀማሪ ጸሐፊ የመጀመሪያው በር ጋዜጣና መጽሔት ነው፡፡ በባሕር ዳር የሚታተመው ‹‹በኩር›› ጋዜጣ ከ1987 ዓ.ም ጀምሮ በክልሉ የአማርኛ አንባቢያን ዘንድ ይታወቃል፡፡ ጋዜጣውን የሚያሳትመው የክልሉ መገናኛ ብዙኃን ተቋም በአውኚ ቋንቋም ዝግጅቶችን ያሰራጫል፡፡ በ1992 ዓ.ም የተመሠረተው ‹‹አዲስ አድማስ›› ጋዜጣ ለአጭር ልቦለድና ለግጥም ቋሚ ዓምድ በመስጠት ለብዙ ወጣት ጸሐፍት መታወቂያ መድረክ ሆኖ ቆይቷል፡፡ በ1952 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርም ‹‹ብሌን›› የተሰኘ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ሲያሳትም ቆይቷል፡፡

ሬዲዮም ችላ ሊባል የማይገባው መድረክ ነው፡፡ የሐዲስ ዓለማየሁ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› በ1958 ዓ.ም ታትሞ ከወጣ ከዓመታት በኋላ በአርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ ተራኪነት በኢትዮጵያ ሬዲዮ ‹‹ከመጻሕፍት ዓለም›› ዝግጅት መተላለፉ መጽሐፉን ገዝቶ ለማንበብ ያልቻለው ሕዝብ ሁሉ እንዲያውቀው ማድረጉ ይታወሳል፡፡ ማንበብ የማይችለው የኅብረተሰብ ክፍል ብዙ በሆነበት አካባቢ በአውኚ የተጻፈ ተረት ወይም ግጥም በሬዲዮ ቢቀርብ ከኅትመት ቀድሞ ሕዝብ ጋር ይደርሳል፡፡

ለጋዜጣም ሆነ ለሬዲዮ ጽሑፍ ሲላክ ሊሟሉ የሚገባቸው ነጥቦች አሉ፡፡ ጸሐፊው በቅድሚያ ዓምዱን ወይም ዝግጅቱን ለተወሰኑ ሳምንታት ተከታትሎ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚያስተናግድ መረዳት አለበት፡፡ የጋዜጣ ቦታ ውስን በመሆኑ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ግጥም ወይም በአንድ እትም የሚያልቅ አጭር ታሪክ የመመረጥ ዕድሉ የሰፋ ነው፡፡ ጽሑፉ በጥራት ተተይቦ፣ የጸሐፊው ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ ቁጥር ተጽፎበት መላክ ይኖርበታል፡፡ ዝግጅት ክፍሎች የተላከላቸውን ረቂቅ ስለማይመልሱ ቅጂ ማስቀረት ያስፈልጋል፡፡ አንድን ሥራ በአንድ ጊዜ ለሁለትና ለሦስት ጋዜጦች መላክም በሙያው የሚደገፍ ተግባር አይደለም፡፡ በሁለት ጋዜጦች በተመሳሳይ ሳምንት ቢወጣ የጸሐፊውን አመኔታ ያሳጣል፡፡

ሁለተኛው በር ውድድር ነው፡፡ በ2009 ዓ.ም የተጀመረው ‹‹ሆሄ›› የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የረጅም ልቦለድ፣ የግጥምና የልጆች መጻሕፍትን በማወዳደር በዘርፉ መነቃቃት ፈጥሯል፡፡ እንዲህ ዓይነቱ ሽልማት የሚመዝነው ታትመው የወጡ መጻሕፍትን ሲሆን ረቂቅን የሚቀበሉ ውድድሮች ደግሞ በትምህርት ተቋማት፣ በባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶችና በማኅበራት አማካይነት በልዩ ልዩ ጊዜ ይዘጋጃሉ፡፡ ተወዳዳሪው ጥሪውን ሲያነብ ሦስት ነገሮችን ለይቶ መመልከት ይኖርበታል፡፡ እነዚህም ውድድሩ የታተመ ወይስ ያልታተመ ሥራ እንደሚቀበል፣ በየትኛው ቋንቋ የተጻፈ እንደሚፈቅድና ያሸነፈው ሥራ መብት ለማን እንደሚሆን ናቸው፡፡

ሦስተኛውና ለአዊ ሁኔታ ይበልጥ ተስማሚ የሚመስለው መንገድ የጋራ መድበል ነው፡፡ አንድ ጀማሪ ገጣሚ ብቻውን መጽሐፍ ለማሳተም የሚጠየቀውን ወጪ አሥር ወይም አሥራ አምስት ጸሐፍት ተካፍለው ቢሸፍኑት ሸክሙ ይቀላል፡፡ የእያንዳንዱ ጸሐፊ ወዳጅ፣ ቤተሰብና የሥራ ባልደረባ የመጽሐፉ ገዢ ስለሚሆንም ሥርጭቱ ይሰፋል፡፡ አውኚና አማርኛ በትይዩ ገጽ የሚቀርቡበት መድበል ደግሞ ሁለቱንም አንባቢ ከማገልገሉም በላይ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠቃሚ ይሆናል፡፡

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል፡፡ አንድ ጊዜ የሚታተም መድበል እንደ መጽሐፍ የሚቆጠር ሲሆን በአንድ ርዕስ በየጊዜው እየታተመ የሚወጣ መጽሔት ግን በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት በኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን መመዝገብ ይጠበቅበታል፡፡ በመሆኑም አቅማቸው ውስን የሆነ የሥነ ጽሑፍ ክበባት ወደ መጽሔት ከመሄዳቸው በፊት በአንድ መድበል ቢጀምሩ ይቀላቸዋል፡፡

ረቂቅ ወደ መጽሐፍ ሲለወጥ የሚያልፍባቸው ደረጃዎችም አሉ፡፡ የመጀመሪያው አርትኦት ነው፡፡ ደራሲው በራሱ ወጪ ሲያሳትም ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኸው ደረጃ ሲሆን በመጽሐፉ ላይ የሚያስከትለው ጉዳትም ከሁሉም የከፋ ነው፡፡ በአካባቢው የሚገኙ የቋንቋ መምህራን ረቂቁን አንብበው አስተያየት እንዲሰጡ ማድረግ፣ የአውኚ ጽሑፍ ከሆነም የፊደል አጻጻፉ በትምህርት ቤት ከሚሰጠው ጋር የተጣጣመ መሆኑን ማስመርመር ተገቢ ነው፡፡ ከቃል ሥነ ጽሑፍ የተወሰደ ተረት ወይም ዜማ በመጽሐፉ ከተካተተ የነገረው ሰው፣ በፈቃዱ፣ ስሙና ቀበሌው ቢመዘገብ ለባለቤቱም ሆነ ለወደፊት ተመራማሪ ይጠቅማል፡፡

ሁለተኛው የገጽ ቅንብር፣ የሽፋን ንድፍና የኅትመት ዋጋ ነው፡፡ ደራሲው ቢያንስ ከሦስት ማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ ሰብስቦ ማወዳደር ይኖርበታል፡፡ በኦፍሴት ማተሚያ የፕሌት ዝግጅትና የማሽን ማሰናጃ ወጪ ጥቂት ቅጂም ሆነ ብዙ ቅጂ ቢታተም ተመሳሳይ ስለሆነ የቅጂው ቁጥር ሲያንስ የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ይወደዳል፡፡ በዲጂታል ማተሚያ ግን ጥቂት ቅጂ ማሳተም ስለሚቻል ለመቶና ለሁለት መቶ ቅጂ ይህኛው ይመረጣል፡፡ በኦፍሴት ኅትመት አንድ የታጠፈ ወረቀት ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ስለሚወጣው የመጽሐፉ ገጽ ብዛት 64፣ 80 ወይም 96 ቢሆን የወረቀት ብክነት ይቀንሳል፡፡ የኅትመት ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይለዋወጣል፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር የመግዛት አቅም መቀነሱ ስለሚታወቅ ፕሮፎርማው የሚያገለግልበትን ጊዜ ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል፡፡

ሦስተኛው የመለያ ቁጥርና የተቀማጭ ቅጂ ጉዳይ ነው፡፡ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የሚሰጠው በ1936 ዓ.ም የተቋቋመውና ሕዝቡ በተለምዶ ወመዘክር እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ተቋም ነው፡፡ በኢትዮጵያ ለታተሙ መጻሕፍት ሲያገለግል የቆየው የአገር መለያ 99944 ነው፡፡ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት በአገሪቱ ከሚታተም መጽሐፍ የተወሰነ ቅጂ ለተቋሙ ገቢ ይደረጋል፡፡ ብዙ ጀማሪ ደራስያን ይህንን እንደ ተራ ቢሮክራሲ ቢመለከቱትም ጠቀሜታው ትልቅ ነው፡፡ በሁለት መቶ ቅጂ የታተመ የአውኚ ግጥም መድበል ከገበያ ቢጠፋ እንኳ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚፈልገው አንባቢ ሊያገኘው ይችላል፡፡ የዛሬ 250 ዓመት ገደማ የተጻፈውን የአውኚ ትርጉም ለማየት ወደ ኦክስፎርድ መሄድ ግድ ሲሆን የዛሬውን ጽሑፍ ግን በአገር ውስጥ ማቆየት ተችሏል ማለት ነው፡፡

አራተኛው የመብት ጥበቃ ነው፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥነ ጽሑፍ ሥራን የሚጠብቀው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ሲሆን ጥበቃው ሥራው በመታተሙ ወይም በመመዝገቡ ላይ የተመሠረተ አይደለም፡፡ የኢኮኖሚ መብቱ በደራሲው የሕይወት ዘመንና ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ ለ50 ዓመት ይጸናል፡፡ አዋጁ በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል፡፡ ማስረጃ እንዲኖረው የሚፈልግ ደራሲ ሥራውን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይችላል፡፡

መብትን ለአሳታሚ ማስተላለፍ የሚቻለው በጽሑፍ በተደረገ ውል ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ አሳታሚነት ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው፡፡ ደራሲው ከመፈረሙ በፊት በውሉ ውስጥ የሚታተመው ቅጂ ብዛት፣ የክፍያው መጠንና ጊዜ፣ መብቱ የሚተላለፍበት ዘመን፣ እንዲሁም የትርጉም፣ የሬዲዮና የፊልም መብት ተለይቶ መጠቀሱን ማረጋገጥ አለበት፡፡ ‹‹ሁሉንም መብት ለዘለዓለም›› የሚል ሐረግ የያዘ ውል በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል፡፡ ራሱን አሳታሚ ብሎ እየጠራ የኅትመቱን ወጪ በሙሉ ከደራሲው የሚቀበል ድርጅትም በእርግጥ የሚሰጠው የማሳተም አገልግሎት በመሆኑ መብቱን ይዞ የሚቀርበት ምክንያት የለም፡፡

መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የሚቀረው ከአንባቢ ጋር ማገናኘት ነው፡፡ አከፋፋዮችና መደብሮች ከሽያጩ የራሳቸውን ድርሻ ስለሚወስዱ የመጽሐፉ ዋጋ ሲተመን ይህ ሊታሰብ ይገባል፡፡ በእንጅባራና በዳንግላ ደረጃ በትምህርት ቤቶች፣ በመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራትና በወጣት ማዕከላት በቅድሚያ ገዢ መዝግቦ ማሳተም ኪሣራን ይቀንሳል፡፡ ሕዝብ በብዛት የሚሰበሰብበት የጥር 23 በዓልም ለመጽሐፍ ምረቃና ሽያጭ አመቺ አጋጣሚ ነው፡፡ ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንጅባራ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቁ በመሆናቸው የባሕር ዳር መደብሮችና የባህል አዳራሾችም በቅርብ የሚገኙ ናቸው፡፡ ሆኖም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸውና የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠባቸው ጊዜያት መኖራቸው ይታወቃል፡፡ በመሆኑም ጸሐፍት ለውድድርም ሆነ ለጋዜጣ የሚልኩትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ቀን ሳያቆዩ ቀደም ብለው ቢልኩ፣ የረቂቃቸውንም ቅጂ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ቢያስቀምጡ ይመረጣል፡፡

ከአገር ውጭ ያለው በር በአብዛኛው የሚከፈተው በእንግሊዝኛ ወይም በትርጉም ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ2020 በእንግሊዝ አገር ካርካኔት በተባለው አሳታሚ የወጣውና በክሪስ ቤኬትና በዓለሙ ተበጀ የተዘጋጀው መድበል የአማርኛ ግጥምን በሰፊው ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያስተዋወቀ የመጀመሪያው ስብስብ ነው፡፡ ገና የመጀመሪያ ሙሉ መድበላቸውን ላላሳተሙ አፍሪካውያን ገጣምያን ክፍት የሆነውና ዛሬ የኤቫሪስቶ ሽልማት የሚባለው የግጥም ውድድር አሥር ግጥሞችን የሚጠይቅ ሲሆን ቀድሞ ብሩኔል በሚል ስም ሲጠራ እ.ኤ.አ በ2014 ኢትዮጵያዊቷ ልዩ ልብሰቃል አሸንፋበታለች፡፡ የኬን ሽልማት ለታተመ አጭር ልቦለድ የሚሰጥ ሲሆን እ.ኤ.አ በ2021 ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሜሮን ሀደሮ ተሸልማለች፡፡ ለዚህ ሽልማት ሥራውን የሚያቀርበው ደራሲው ሳይሆን አሳታሚው ነው፡፡ የኮመንዌልዝ የአጭር ልቦለድ ሽልማት ግን ለአባል አገሮች ዜጎች ብቻ የተወሰነ በመሆኑ ኢትዮጵያውያንን አይመለከትም፡፡

በአፍሪካ ቋንቋዎች መጻፍ ዋጋ እንዳለው የሚያሳዩ ምሳሌዎችም አሉ፡፡ እ.ኤ.አ በ2014 የተቋቋመው የኪስዋሂሊ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያልታተሙ ረቂቆችን ጭምር ይቀበላል፡፡ ጃላዳ የተባለው የአፍሪካ ወጣት ጸሐፍት ስብስብ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2016 በ2017 ዓ.ም ከዚህ ዓለም በሞት የተለየው ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በኪኩዩ የጻፈውን አጭር ተረት ከ30 በላይ ቋንቋዎች አስተርጉሞ አቅርቧል፤ ቁጥሩም ከጊዜ በኋላ ከመቶ በላይ ደርሷል፡፡ ይህን ያከናወነው ግዙፍ ሀብት ያለው ድርጅት ሳይሆን በፈቃደኝነት የተሰባሰቡ ወጣቶች ናቸው፡፡ ለአንድ ተረት የአንድ ቋንቋ ተርጓሚ ብቻ በቂ ሆኖ መገኘቱ ከአውኚ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ አውኚ ለሚተረጉሙ መምህራንና ተማሪዎች አርአያ ሊሆን ይችላል፡፡

ከላይ የተዘረዘሩት መንገዶች በአንድ ጊዜ የሚሞከሩ አይደሉም፡፡ አንድ ጀማሪ ጸሐፊ በቅድሚያ አንድ ግጥም ወይም አንድ አጭር ታሪክ በጋዜጣ ወይም በሬዲዮ ቢያቀርብ የአርታኢና የአንባቢን አስተያየት ያገኛል፡፡ ቀጥሎ በጋራ መድበል ቢሳተፍ የኅትመትን አሠራር በአነስተኛ ወጪ ይማራል፡፡ የራሱን መጽሐፍ ለማሳተም የሚነሳው ከዚህ በኋላ ቢሆን አንባቢውንም፣ ዋጋውንም፣ መብቱንም አውቆ ይሆናል፡፡

የትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበባት ረቂቅ በማሰባሰብ፣ ኮሌጁና ዩኒቨርሲቲው በአርትኦት፣ የባህልና የትምህርት መሥሪያ ቤቶች የተወሰነ ቅጂ ገዝተው ለቤተ መጻሕፍት በማከፋፈል ቢተጋገዙ በዓመት አንድ የአውኚና የአማርኛ መድበል ለኅትመት ማብቃት ከአቅም በላይ አይሆንም፡፡ በቃል የሚታወቀው ተረትና ዜማ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ተጽፎ፣ ታትሞና በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ከተገኘ ነገ በእንጅባራና በዳንግላ የሚማረው ሕፃን ስለ አገሩ የተጻፈውን በራሱ ቋንቋ፣ ከራሱ ሰዎች እጅ ለማንበብ ይበቃል፡፡